ከሞተር ፊት የሚንጠባጠብ ዘይት፦ ኦይል ሲሉን ቀይሮ ድጋሚ እንዳይመለስ የማድረጊያ ዝርዝር መመሪያ

ኦይል ሲል ማለት ከሞተሩ የሚወጣውን ዘንግ ዙሪያውን ይዞ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግድ የጎማ ቀለበት ነው። እሱ ተቀይሮ በወሩ መልሶ የሚያንጠባጥብ መኪና ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል። ባለቤቱ ዕቃው ፎርጂድ ነው ይላል። መካኒኩ ሞተሩ አርጅቷል ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይደለም። ወይ ዘይቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፣ ወይ ሞተሩ ውስጥ የታፈነ ግፊት ሲሉን እየገፋው ነው፣ ወይ ደግሞ አሮጌው ሲል ሲወጣ ዘንጉ ተቧጥጧል። ሦስቱም አዲሱ ሲል ከመግባቱ በፊት የሚታዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ከመፍታቱ ይልቅ በፊቱ ባለው ምርመራ ላይ ጊዜ አጥፉ።

መመሪያው የተጻፈው በታይሚንግ ቤልት (የሞተሩን የላይኛውና የታችኛው ዘንግ በሚያገናኝ ባለጥርስ የጎማ ቀበቶ) ለሚሠሩት የቶዮታ ኮሮላ 4ኤ እና 5ኤ የቤንዚን ሞተሮች ነው። እንደ ቪትዝ ባሉ ሰንሰለት ባላቸው ሞተሮች ሥራው በጣም ያጥራል፤ እሱን ወደ መጨረሻው ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ለለመደ ሰው ግማሽ ቀን ይበቃል። ለጀማሪ ግን ሙሉ ቀን መድቡለት።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። የሞተር ፊት ማለት የመኪናው ፊት ማለት አይደለም። ቤልቶቹና ፑሌጃዎቹ ያሉበት ጎን ነው። ኮሮላ ላይ ሞተሩ አግድም ስለተቀመጠ ፊቱ ያለው በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ እጠቡ፣ ከዚያ እዩ

በጥርጊያ መንገድ የሚመላለስ መኪና ሞተሩ ላይ ዘይትና አቧራ ተለውሶ ይደርቃል። ያ ጥቁር ቅርፊት ሳይነሳ ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። አይቶ የሚነግራችሁ ሰው ካለ እየገመተ ነው።

1. ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ በአሮጌ ብሩሽ እየነከራችሁ የሞተሩን ፊት ከላይ ወደ ታች ፈትጉ። ቤንዚን አትንኩ፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።
2. ዲናሞውን በፌስታል ሸፍኑ። የሚረጨው ነገር ወደ ታይሚንግ ቤልቱ ክዳን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።
3. በኦሞ ውሃ አጥባችሁ በጨርቅ አድርቁ።
4. በደረቀው ብረት ላይ ትንሽ የሕፃን ፓውደር ነስንሱ። ነጭ መደብ ላይ ትንሿ የዘይት ጠብታ ሳትቀር ትታያለች።
5. ሞተሩን 15 ደቂቃ አሠሩት። ከዚያ ከተማ ውስጥ አንድ ዙር ንዱትና አጥፍታችሁ በባትሪ እያበራችሁ እዩ።

ስታዩ ከታች የሚንጠባጠበውን አትከተሉ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ በጉዞ ላይ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የምትፈልጉት ከሁሉም በላይ የረጠበውን ቦታ ነው።

የቫልቭ ክዳኑ ጠርዝ ከረጠበና ጅረቱ ከዚያ ከጀመረ ጥፋቱ የክዳኑ ጋስኬት ነው። ይህ ቀላሉና ርካሹ ነው። በጣም ብዙ ሰው ደግሞ ይህን የክራንክ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የታችኛው ዘንግ) ሲል ነው ብሎ ያስፈታዋል። የቤልት ክዳኑ ውስጥ፣ ላይኛው ክፍል ከረጠበ የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው የላይኛው ዘንግ) ሲል ነው። ከታችኛው ትልቅ ፑሌጃ ኋላ ወጥቶ ዙሪያውን በክብ ከተረጨ የክራንክሻፍት ሲል ነው፤ ፑሌጃው እየዞረ ስለሚበትነው የግርፋት ምልክት ይተዋል። ፑሌጃው አካባቢ ደረቅ ሆኖ ከሱ በታች ያለው የኮፓ (የሞተሩ የታችኛው ዘይት መያዣ) ጠርዝ ብቻ ከረጠበ መጋጠሚያውን የያዘው ሲሊኮን ለቋል ማለት ነው። ቀላ ያለ ቀጭን ዘይት ካያችሁ የመሪ ፓምፑን ፈትሹ። ቀለም ያለው ውሃ ከሆነ የውሃ ፓምፕ ነው።

ሁለት ቦታ አንድ ላይ ሊያፈስ ይችላል። ከላይ የሚያፈሰው ሳይዘጋ ስለ ታችኛው አትፍረዱ።

ደረጃ 2፦ የሞተሩን ትንፋሽ ፈትሹ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ነው ሲል በየወሩ የሚገዛው።

ሞተሩን አሙቁትና ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ተዉት። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። አፉ ላይ ቀጭን ፌስታል ዘርግታችሁ ዙሪያውን በእጃችሁ ያዙ። ጥቂት ዘይት ሊፈናጠቅ ስለሚችል ፊታችሁን አርቁ።

ፌስታሉ ወደ ውስጥ ሰብሰብ ካለ ወይም ብዙም ካልተንቀሳቀሰ ደህና ነው። ተወጥሮ ከተነፋና እንደተነፋ ከቀረ ግን ውስጥ ግፊት አለ። ያ ግፊት መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ደግሞ ኦይል ሲል ነው።

ከተነፋ ቀጥሎ የሚታየው ፒሲቪ ቫልቭ፣ ማለትም የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ነው። የቫልቭ ክዳኑ ላይ ተሰክቶ ጎማ ቱቦው ወደ ኢንቴክ ማኒፎልድ የሚሄደው ትንሹ ዕቃ ነው። ንቀሉትና ጆሯችሁ አጠገብ አወዛውዙት። ውስጡ ያለው ብረት ኳ ኳ ማለት አለበት። ዝም ካለ በጥላሸት ተጣብቋል። ከሞተሩ በኩል ባለው አፍ ሲነፋ አየር በቀላሉ ማሳለፍ፣ ከማኒፎልዱ በኩል ሲነፋ ደግሞ እምቢ ማለት ይገባዋል። በአፍ አትንፉት፤ ንጹሕ ቱቦ አድርጉበት። በካርቡሬተር ማጠቢያ ካልተላቀቀ ቀይሩት። ከሞተሩ ላይ ከሚፈቱት ርካሽ ዕቃዎች አንዱ ነው።

ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደውንም የመተንፈሻ ጎማ እዩ። ከተጨማደደ ወይም ውስጡ ከተደፈነ ያው ነው። የዘይት መለኪያውንም አውጡ። ከላይኛው ምልክት በላይ የተሞላ ዘይትም ለልቀት ያጋልጣል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ፌስታሉ አሁንም የሚነፋ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ (ሪንግ) አልቋል። ሲሉን መቀየር ትችላላችሁ፤ ግን ዕድሜው አጭር እንደሚሆን አውቃችሁ ግቡበት። መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ይህን ለባለቤቱ ንገሩት።

ደረጃ 3፦ ዕቃው ሁሉ እጃችሁ ሳይገባ አትፍቱ

የሚገዙት እነዚህ ናቸው፦

- የክራንክሻፍት የፊት ሲል እና የካምሻፍት ሲል። በአብዛኞቹ 4ኤ እና 5ኤ ላይ ቤልቱ የሚያዞረው አንዱን ካምሻፍት ብቻ ስለሆነ የካም ሲሉ አንድ ነው።
- የቫልቭ ክዳን ጋስኬት። ክዳኑ መነሳቱ ስለማይቀር አብራችሁ ቀይሩት።
- ታይሚንግ ቤልት፣ አሮጌው ዘይት ከነካው ወይም መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ። ዘይት የጠጣ ቤልት ታጥቦ አይድንም።
- ግሪስ፣ ሲሊኮን፣ ንጹሕ ጨርቅና ነጭ ቀለም።

ሲሉን ስትገዙ የሻሲና የሞተር ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። ሲሉ ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት እና ውፍረት። ሁለተኛ ሱቅ ስትሄዱ እነዚህን አመሳክሩ። በቀለም አትመኑ። በጣታችሁ ከንፈሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ለስላሳ ሆኖ ወዲያው የሚመለስ መሆን አለበት። መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ሲል ይደርቃል። ዙሪያውን የምትይዘዋ ቀጭን ስፕሪንግ ቦታዋ ላይ መኖሯንም እዩ።

ቀኑንም ምረጡ። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ለጁምዓ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ እሑድ ደግሞ ክፍት የሚገኘው ጥቂት ነው። በእነዚህ ሰዓቶች ሞተሩ ተፈቶ አንድ ቡሎን ቢጎድላችሁ መኪናው እንደቆመ ያድራል። ደሴም ኮምቦልቻም ያልተገኘ ዕቃ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነው የሚመጣው።

መሣሪያ፦ ቡሶላ ከነእጀታው፣ በተለይ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር፣ ለእጀታው ማርዘሚያ የሚሆን ጠንካራ ቱቦ፣ ክሪክ፣ ሁለት የብረት መቆሚያ፣ የፑሌጃ መጎተቻ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ስለታም ትንሽ ቢላ፣ የጎማ መዶሻ። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ከሰው ተውሳችሁም ቢሆን አምጡ። ከሲሉ ውጫዊ ጠርዝ በጥቂቱ የጠበበ፣ አፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ቱቦም ያስፈልጋል። አዲሱን ሲል የምትመቱት በሱ ነው።

ደረጃ 4፦ መኪናውን ማቆም

ደሴ ላይ ለጥ ያለ ቦታ ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው። ቢሆንም ግቢያችሁ ዳገት ከሆነ እዚያ አትጀምሩ። ጠጠር ላይም አይሆንም። ሲሚንቶ ወለል ያለው የዘመድ ግቢ ወይም ጋራዥ ለምኑ።

የእጅ ፍሬን ያዙ። የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ቀኝ የፊት ጎማውን አውጡና ሻሲውን በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ዕቃ ለማንሳትም ቢሆን።

በጎማው ቦታ ውስጥ ያለውን ፕላስቲክ መከላከያ ፍቱ። ትልቁ ፑሌጃ ፊት ለፊት ይታያችኋል።

ደረጃ 5፦ ትልቁ ቡሎን

የውጭ ቤልቶቹን አላልታችሁ አውጡ። ከማውጣታችሁ በፊት አካሄዳቸውን በስልክ ፎቶ አንሱ።

አሁን የክራንክ ፑሌጃው መሃል ያለው 19 ቁጥር ቡሎን። ሰው ሥራውን ጥሎ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። የሚፈታው እንደማንኛውም ቡሎን ወደ ግራ ነው። ችግሩ ሞተሩ አብሮ መዞሩ ነው።

ማርሹ የእጅ ከሆነ፦ የጎማውን ሁለት ዳዶ መልሳችሁ ዲስኩን አጥብቁ። 5ኛ ማርሽ አስገቡ። ረዳታችሁ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ይርገጥ። እናንተ ቱቦ ባጠለቃችሁበት እጀታ በአንድ ጠንካራ ግፊት ፍቱት።

ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ፦ ፑሌጃው ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። በያጅ ቤት ሄዳችሁ ጠፍጣፋ ብረት ሁለት ቦታ አስበሱት። በሁለት ቡሎን ፑሌጃው ላይ እሰሩትና ጫፉን መሬት ላይ አስደግፉ።

እምቢ ካለ ዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቡሶላውን ቡሎኑ ላይ አድርጋችሁ ጫፉን በመዶሻ ቀጥታ ጥቂት ጊዜ ምቱና ድጋሚ ሞክሩ። በእሳት አታሙቁት፤ ኋላው ያለው ሁሉ ጎማና ዘይት ነው።

እጀታውን መሬት ላይ አስደግፎ በሞተሪኖ ቁልፍ መምታትን ብዙ ሰው ያውቀዋል። አታድርጉት። እጀታው ቢያመልጥ ፊት ይሰብራል። ታይሚንግ ቤልቱን ወይም የካሙን ጥርስ (ቤልቱ የሚጠመጠምበትን ባለጥርስ ክብ ብረት) ይዞ ሞተሩን ማስቆምም አይሞከር፤ ቤልቱ ይበጠሳል።

ቡሎኑ ከላላ በኋላ አታውጡት። መልሳችሁ በእጅ አጥብቁት፤ ሞተሩን የምታዞሩት በሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ምልክቶቹን ማገናኘት

1. ማርሹን ነጻ አድርጉ። ካንዴላዎቹን አውጡ፤ ሞተሩ በእጅ ይዞራል። ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ድፈኑ።
2. የቫልቭ ክዳኑን አንሱ።
3. በትልቁ ቡሎን ሞተሩን በሰዓት አቅጣጫ ብቻ አዙሩ። የፑሌጃው ጭረት ከታችኛው ክዳን ዜሮ ጋር ሲገጥም አቁሙ።
4. የካሙን ጥርስ እዩ። ቀዳዳው ከኋላው ካለው የቤሪንግ ክዳን ምልክት ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ።
5. አሁን ቡሎኑን አውጡና ፑሌጃውን ሳቡ።

ፑሌጃው ካልመጣ ሁለቱን ቀዳዳ በሚጠቀም መጎተቻ ሳቡት። የውጭ ጠርዙን በጥፍር እየያዛችሁ አትጎትቱ። የብዙዎቹ ፑሌጃ በሁለት ብረት መሃል ጎማ አለው፤ ጠርዙ ተስቦ ይለቃል።

የላይኛውንና የታችኛውን የቤልት ክዳን ለማውጣት በዚህ በኩል ያለውን የሞተር መቀመጫ መፍታት ግድ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ኮፓው ሥር ጣውላ አድርጋችሁ ሞተሩን በክሪክ ደግፉት። ጣውላ ከሌለ ኮፓው ይጎደጉዳል። የምትፈልጉት ክብደቱን መያዝ ብቻ ነው፤ ሞተሩን ወደ ላይ አትግፉት።

ክዳኖቹ ሲወጡ ቤልቱ ፊታችሁ ነው። ምልክቶቹን በነጭ ቀለም አድምቁ። ቤልቱ ላይም የመዞሪያውን አቅጣጫ በቀስት አመልክቱ። መወጠሪያውን አላልታችሁ ወደ ጎን ግፉትና ያዙት። ቤልቱን አውጡ። ከዚህ በኋላ ካሙንም ክራንኩንም አታዙሩ። የናፍጣ ሞተር ላይ ከሆናችሁ ይህን ማስጠንቀቂያ ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ እዚያ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ።

የክራንኩን ጥርስ ስታወጡ ፊቱ ያለችው ሳህን በየትኛው ፊቷ እንደነበረች ፎቶ አንሱ። ዘንጉ ላይ ያለችውን ትንሿን የብረት ሽብልቅም እንዳትጠፋ ወዲያው አስቀምጡ። ከጠፋች ሥራው ቆመ።

ደረጃ 7፦ አሮጌውን ሲል ማውጣት

መብራቱን አቅርቡ። ከዘይት ፓምፑ አካል ጋር እኩል ሆኖ የተቀመጠ ጥቁር ቀለበት ታያላችሁ። መሃሉ ዘንጉ ነው። ዘንጉን የሚነካው የሲሉ ከንፈር ነው። የደከመ ሲል ከንፈሩ ደርቆ ያብረቀርቃል፤ በጥፍር ስትነኩት እንደ ፕላስቲክ ይጠነክራል።

ከንፈሩን በቢላው ጫፍ ዙሪያውን ቁረጡ። ቢላው ወደ ሲሉ ያዘንብል እንጂ ወደ ዘንጉ አይዙር። ከዚያ የካቻቢቴውን ጫፍ በቴፕ ጠቅልሉ። በተቆረጠው በኩል አስገብታችሁ ሲሉን ወደ ውጭ ፈንቅሉት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አትታገሉ፤ ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከወዲያ።

ካልወጣ ሁለት ቀጫጭን ብሎኖች በሲሉ የብረት ፊት ላይ ትይዩ አድርጋችሁ ጥቂት ጥርስ ብቻ አስገቡ። በፒንሳ እያፈራረቃችሁ ሳቧቸው። በድሪል አትብሱ፤ የብረት ብናኝ ወደ ሞተሩ ይገባል።

እዚህ ቦታ ላይ መቸኮል ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። በዘንጉ ላይ የቀረች በፀጉር የቀጠነች ጭረት አዲሱን ሲል በሳምንት ትበላዋለች፤ ዘይቱም በዚያችው መስመር ይወጣል።

ደረጃ 8፦ ዘንጉን በጥፍር አንብቡት

ዘንጉን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። የአውራ ጣታችሁን ጥፍር የዘንጉን ርዝመት ተከትላችሁ ሳቡ። ከንፈሩ ይነካበት የነበረው ቦታ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ቢሆን ችግር የለውም። ጥፍራችሁን የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ካለ ግን አዲሱን ሲል በድሮው ልክ አታስገቡት። 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ወጣ ወይም ገባ አድርጋችሁ ግጠሙት፤ ከንፈሩ ያልተበላ ቦታ ላይ ያርፋል። ወደ ውስጥ የምታስገቡት ከሆነ ከኋላው የዘይት መመለሻ ቀዳዳ እንዳይደፍን እዩ። መስመሩ በጣም ጥልቅ ከሆነ በዘንጉ ላይ የሚጠልቅ ቀጭን የብረት እጀታ መግጠም ነው የሚያዋጣው።

ቀላል ሻካራ ነገር ካለ በጣም ልስላሴ ባለው ብርጭቆ ወረቀት፣ ዘይት ነክራችሁ፣ ዙሪያውን ብቻ አሹት። ርዝመቱን ተከትላችሁ አታሹ። የሲሉን ጎሬ ቀድማችሁ በጨርቅ ድፈኑ፤ ብናኙ እዚያ እንዳይገባ።

የካም ሲሉንም አሁኑኑ በዚሁ መንገድ ቀይሩ። ከላይ ያለው ሲል ጎማው ከደረቀ በቅርቡ ያፈሳል፤ ያን ጊዜ ይህን ሁሉ ድጋሚ ልትፈቱ ነው።

ደረጃ 9፦ አዲሱን መግጠም

ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ አቧራው ሁሉ ቦታ ይገባል። ሲሉን ከፓኮው የምታወጡት ልትገጥሙት ስትሉ ብቻ ይሁን።

1. የሲሉን ጎሬ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አይቅር።
2. በከንፈሩ ላይ ስስ ግሪስ ቀቡ። ሲሉ ነጭ ወይም ግራጫ ጠንካራ የቴፍሎን ከንፈር ያለው ከሆነ ግን በደረቁ ነው የሚገባው፤ ግሪስ ካስነካችሁት ይበላሻል። ከፓኮው ላይ አረጋግጡ።
3. ለሽብልቋ የተተወው የዘንጉ ጉድጓድ ጠርዝ ስለታም ነው። ቀጭን ፌስታል ወይም ቴፕ አልብሱት፤ ከንፈሩ ሲያልፍ እንዳይቆረጥ።
4. ሲሉን በእጅ ገፋ አድርጋችሁ ቀጥ ብሎ መቀመጡን እዩ። ስፕሪንጓ ያለችበት ፊት ወደ ሞተሩ ነው።
5. ቱቦውን ጠርዙ ላይ አድርጋችሁ በጎማ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ። ዙሪያውን እኩል ይግባ። ከፓምፑ ጠርዝ ጋር እኩል ሲሆን አቁሙ።

በአንድ ጎኑ ገብቶ በሌላው ከወጣ የወጣውን እየመታችሁ አታስተካክሉ። ቱቦውን እንደገና ቀጥ አድርጋችሁ ሙሉ ፊቱን ምቱ። ከተጣመመ ወይም ከንፈሩ ከታጠፈ አውጡትና ሌላ ግዙ። አንድ ጊዜ ተፈንቅሎ የወጣ ሲል አይመለስም። ለዚህ ነው ከገዛችሁ አይቀር ሁለት ግዙ የምለው።

ደረጃ 10፦ መልሶ መግጠም

የካቻቢቴ ሥራ ከዚህ በኋላ የለም፤ የፎቶዎቹ ተራ ነው። ሽብልቋን፣ ጥርሱን፣ ሳህኗን በነበሩበት መልሱ። ምልክቶቹ መግጠማቸውን አረጋግጡ። ቤልቱን ከክራንኩ ጀምራችሁ፣ መወጠሪያው በሌለበት በኩል ጥብቅ አድርጋችሁ ወደ ካሙ ውሰዱት። እጃችሁ ዘይት እንዳይኖረው።

መወጠሪያውን ልቀቁት፤ ስፕሪንጉ ራሱ ይወጥረዋል። ትልቁን ቡሎን ለጊዜው አስገብታችሁ ሞተሩን በሰዓት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ምልክቶቹ ድጋሚ ከገጠሙ የመወጠሪያውን ቡሎን አጥብቁ። ረጅሙ የቤልት ክፍል በጣት ሲጫን 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ምልክቶቹ ካልገጠሙ ቤልቱ አንድ ጥርስ ዘሏል፤ አውጡትና እንደገና ጀምሩ። «ትንሽ ነው፣ ግድ የለም» የሚባል ነገር እዚህ የለም። ስታዞሩ ሞተሩ በድንገት ደረቅ ብሎ ከቆመም በጉልበት አትለፉት።

ክዳኖቹን፣ የሞተሩን መቀመጫና የቫልቭ ክዳኑን ከአዲሱ ጋስኬት ጋር መልሱ። ፑሌጃውን አስገቡ። ትልቁን ቡሎን በ118 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ቶርክ ሬንች ካጣችሁ ግማሽ ሜትር በሆነ እጀታ ጫፍ ላይ 24 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። በአየር መዶሻ አታጥብቁት። ሳይጠብቅ ከቀረ ደግሞ ፑሌጃው እየተንቀጠቀጠ ሽብልቋንና የዘንጉን ጫፍ ይበላል። ያኔ ጉዳዩ ከሲል ወደ ክራንክሻፍት ያድጋል።

ደረጃ 11፦ ማስነሳትና መከታተል

የዘይቱን ልክ እዩ፤ ከሁለቱ ምልክቶች መሃል ይሁን። ባትሪውን አገናኙ። መሣሪያ ሞተሩ ላይ አለመቅረቱን አረጋግጡና አስነሱ። የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ካልጠፋ ወዲያው አጥፉ። ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ የካንዴላ ገመዶቹን ቅደም ተከተል፣ ከዚያ የታይሚንግ ምልክቱን እዩ። ቤልቱ ከጮኸ ከልክ በላይ ተወጥሯል።

ለ15 ደቂቃ ሚኒሞ ላይ አቆዩት። ፑሌጃው ኋላ ደረቅ መሆን አለበት። ከዚያ እውነተኛውን ፈተና ስጡት፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ውረዱና ተመለሱ። ቁልቁለቱን በማርሽ ተይዞ ወርዶ፣ ዳገቱን በሙሉ ኃይሉ ወጥቶ የማያፈስ ሲል ተቀምጧል ማለት ነው። ከተማ ውስጥ ዞር ዞር ብቻ ማለት ይህን አያሳይም።

ሰንሰለት ላላቸው ሞተሮች

ቪትዝ ላይ የሚገኙት 1ኤንዜድና 2ኤንዜድ፣ እንዲሁም የኋለኞቹ ኮሮላዎች 1ዜድዜድ ታይሚንግ ቤልት የላቸውም። ሲሉ ያለው በፊተኛው የአሉሚኒየም ክዳን ላይ ነው። ደረጃ 1 እስከ 5 ያው ነው። ከዚያ ፑሌጃውን ብቻ አውጥታችሁ ሲሉን ትቀይራላችሁ፤ ሰንሰለቱ አይነካም።

ሦስት ልዩነት አለ። አንደኛ፣ የሲሉ ከንፈር የሚያርፈው ፑሌጃው አንገት ላይ ነው። ስለዚህ በጥፍር የምታነቡት ዘንጉን ሳይሆን ፑሌጃውን ነው፤ ከተበላ ፑሌጃው ይቀየራል። ሁለተኛ፣ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። ካቻቢቴውን ክዳኑ ላይ አስደግፋችሁ አትፈንቅሉ፤ ከሥሩ የእንጨት ቁራጭ አድርጉ። ሦስተኛ፣ ቡሎኑ ሌላ ልክ አለው፦ ለ1ኤንዜድ 128፣ ለ1ዜድዜድ 138 ኒውተን ሜትር። እነዚህ ሞተሮች ላይ ክዳኑ ራሱ በመጋጠሚያው ሲሊኮን በኩልም ያፈሳል። ፓውደሩ ያን ካሳያችሁ ሲል መቀየር ከንቱ ነው።

ተቀይሮ አሁንም ካፈሰ

መጀመሪያ ድጋሚ እጠቡ። አሮጌ ዘይት ከየስንጥቁ ለቀናት ይወርዳል፤ ሰውም አዲስ ፍሳሽ ይመስለዋል። ታጥቦ ከፑሌጃው ኋላ ከወጣ የፌስታሉን ምርመራ ድገሙ። ፌስታሉ ከተነፋ መልሱ ደረጃ 2 ላይ አለ። ካልተነፋ ከንፈሩ ታጥፏል ወይም ዘንጉ ተቧጥጧል፤ ፈትታችሁ ማየት ነው። ከሲሉ ውጪ ከፓምፑ ዙሪያ ከወጣ የዘይት ፓምፑ ጋስኬት ነው። እሱ ኮፓ የሚያስወርድ ሌላ ሥራ ስለሆነ ዘይት እየጨመራችሁ ተመቻችታችሁ ያዙት።

ለመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር በየሳምንቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የዘይቱን ልክ እዩ፤ ከሥሩም ካርቶን አንጥፋችሁ አሳድሩት። የወጣውን አሮጌ ዘይትና የታጠበበትን ናፍጣ በጀሪካን አጠራቅሙ። ቦይ ውስጥ ከደፋችሁት የሚደርሰው ቦርከና ወንዝ ነው፤ ለአጥር ቋሚ እንጨት ምስጥ መከላከያ የሚፈልገው ሰው ግን አይጠፋም።